ክራሬን በራሴ ድምፅ ልክ ስቃኝ ዜማ መሥራት እንዴት እንደቀለለኝ

ክራር እንደ ፒያኖ አስቀድሞ የተወሰነ የድምፅ ከፍታ የለውም፤ ስድስቱን አውታሮች ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መቃኘት የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ይህን የመሣሪያው ትልቁ ጸጋ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ዜማ መፍጠር የቀለለኝም በዚህ ጸጋ በሚገባ መጠቀም ስጀምር ነው።

ድምፄ ወፍራም፣ አነጋገሬም ረጋ ያለ ነው። ክራርን የተማርሁት ግን ለጭፈራ በሚስማማው የምት ስልት ነበር። በዚህ ስልት ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታሮች በአንድነት ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች አውታሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ እንዲሰማ የተፈለገውን አውታር የያዘው ጣት ብቻ ላፍታ ይነሣል። ሠርግ ቤት የሚያሞቀው ይህ ጨዋታ ነው፤ መምህሬ ስላስተማሩኝም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የራሴን ግጥም ይዤ ስቀመጥ ግን ስንኙ ምቱን ለመከተል ሲጣደፍ ቃላቱ ይዋጡብኝ ነበር።

ስለዚህ ክራሩን ከመንካቴ በፊት ማንጎራጎር ጀመርሁ። ሳላስበው ተመላልሼ የማርፍበትን ድምፅ ለይቼ ክራሩን በእርሱ ላይ ቃኘሁት። አውታር ከመጠን በላይ ሲላላ ድምፁ ስለሚደክም ወፈር ባሉ አውታሮች ተካሁ። ከዚያም ምቱን ትቼ በጣት መደርደር ያዝሁ። በድርደራ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይሰማል፤ በስንኝና በስንኝ መካከል ዝም ማለትም ይቻላል፤ እኔም ስናገር የማደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ማለዳ ትዝታ ሜጀር በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት እየደረደርሁ ሳለ፣ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጌ ወደ ትዝታ ማይነር ስሻገር፣ ስለ እናቴ የጻፍሁትና ለረጅም ጊዜ ዜማ አልቀበል ብሎኝ የቆየው ግጥም ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፍ ወረደልኝ።

ትዝታ የቅኝት ብቻ ሳይሆን የዘፈንም ስም ነው፤ ዘፈኑ አንድ የተወሰነ ግጥም የለውም፤ ዘፋኙ ሁሉ የራሱን ስንኝና የራሱን ጠባይ ይዞ ይገባበታል። አስናቀች ወርቁም ሆነች ካሳ ተሰማ በክራር ታጅበው ሲያዜሙ፣ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ አንዳቸውን ከሌላቸው ለመለየት ጥቂት መስማት ይበቃል። እነርሱን በጥሞና ማዳመጥ በራሴ ድምፅ ለመጽናት ድፍረት ሰጥቶኛል።

ቀለለኝ ስል ልምምድ ቀረልኝ ማለቴ አይደለም። የድርደራ ጣት በየቀኑ ካልሠራ ይከብዳል፤ ቅኝቱም አየሩ ሲለዋወጥ ስለሚወርድ ደጋግሞ ማስተካከል ያሻል። የተለወጠው ድካሜ የሚውልበት ቦታ ነው፤ ድምፄን ለማስገደድ ይባክን የነበረው ጉልበት አሁን ስንኝ ለማረም ይውላል። ሌላም የተማርሁት አለ፤ በቀላሉ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከተፈጥሮ የመነጨ አይደለም። አንዳንዱ ጣት የለመደው መንገድ ብቻ ነው። እነዚህን ለመለየት አዲሱን ዜማ ክራሩን አስቀምጬ በባዶ ድምፅ አዜመዋለሁ፤ ጣቶቼ ሳይመሩኝ ጉሮሮዬ የሚያስታውሰውን እይዛለሁ፣ የቀረውን እጥላለሁ። ለጀማሪዎችም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ፈተና ነው፤ ወጪ የለውም፣ መምህርም አይጠይቅም።

ለሠርግ ፈጣን ዜማ የሚፈልጉ ሰዎች ሲመጡ በምት ስልት የተካነ ባልደረባዬን እጠቁማቸዋለሁ። እርሱም በእርጋታ ሊነበብ የሚገባው ግጥም ሲደርሰው ወደ እኔ ይልከዋል።