«በምን ልላክልህ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከናዝሬት በቴሌግራም ጻፈልኝ። ዲቪ ደርሶት ፕሮሰስ ላይ ነው። «እናንተማ ምን አለባችሁ፤ ሐበሻው ሞልቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ! ሲከፋህ ለወገኖች መንገር ነው» አለኝ። ስቄ ስልኩን አስቀመጥኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወንድሜ፣ እኔም ነግሬ ነበር።

እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ያኔ ኡበር እሠራ ነበር። የመኪናዬ ካምቢዮ ተበላሸ። እሱን ለማሠራት የቤዝመንቱን ኪራይ በላሁት። ሁለተኛው ወር ላይ አከራዬ ሻንጣዬን በትሕትና በር ድረስ ሸኘልኝ። ሐበሻ ነው፤ እሱም የባንክ ዕዳ አለበት፣ አልፈርድበትም። ሦስት ሳምንት መኪናዬ ውስጥ አደርኩ። ጠዋት ጂም ገብቼ እታጠባለሁ። ስፖርት የምሠራ የመሰላቸው «ቀጠንክ፣ አማረብህ» ይሉኝ ነበር። እሑድ ከሰዓት ሸሚዜን ለብሼ አምልኮ እገኛለሁ። «እንዴት ነህ ወንድሜ?» «ጌታ ይመስገን!»

ከሰዓት ያልኩት ሕንፃው የፈረንጆች ስለሆነ ነው። እነሱ ጠዋት ይጨርሳሉ፣ እኛ ተከራይተን ከሰዓት እንገባለን። ከዚያማ የጽዳት ሠራተኛው መብራት እስኪያጠፋብን ማን ይወጣል!

እኛ ዘንድ ምስክርነት የሚሰጠው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። «ሥራ አጥቼ ነበር፣ ጌታ ሰጠኝ» ስትል እልልታው ይቀልጣል። «ሥራ አጥቻለሁ» ብቻ ብለህ ብትቆምስ? ማይኩን እንደያዝክ ትቀራለህ።

አንድ ረቡዕ ማታ የቤት ኅብረት ላይ የያዕቆብን መልእክት ስናጠና «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» የሚለው ጋ ደረስን። መሪው «ወገኖች፣ ዛሬ ጭንብላችንን እናውልቅ» አለ። እኔ ሞኙ አወለቅኩ። መኪና ውስጥ እንደማድር፣ መኖር እንዳስጠላኝ፣ ጸሎት እንኳ ከአፌ እምቢ እንዳለ ዘረገፍኩት። አለቀሱ። እጃቸውን ጫኑብኝ። አንዱ ወንድም «በአፍህ ሽንፈት አታውጅ» ብሎ ገሠጸኝ። ያም ሆኖ ቀለለኝ። ያን ሌሊት መኪናው ውስጥ እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ደወለች።

«የጸሎት ርእስ» ተብሎ የወጣ ነገር ናዝሬት ለመግባት ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀበትም። «አደራ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ብቻ ጸልዪለት» እየተባለ ከስልክ ስልክ ሲዞር፣ መንገድ ላይ ደግሞ አድጓል። እናቴ ጆሮ ሲደርስ ዕፅ ጀምሬ ድልድይ ሥር ነበርኩ።

እማዬ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። «የጸሎት ጓደኞቼ አዋጥተው 12 ሺህ ብር ሞልቷል፤ በምን ልላክልህ?» አለችኝ። አሜሪካ ላለ ልጅ! የበዓል ዶሮ የምገዛላት እኔ ነኝ። ካዋጡት ሴቶች አንዷ ጉሊት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ አውቃታለሁ። «እማዬ፣ ከዚያ ወደዚህ ገንዘብ አይላክም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መሪውን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። «በፍቅር ነው ያደረግነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ደግሞ እውነቱን ነው።

የዚያን እሑድ የሰው ዐይን ማየት አቃተኝና በአምልኮው መሃል ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ፈረንጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ፣ አክሮን ከተማ የተጀመረው የመጠጥ ሱሰኞች ስብስብ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። በሩ ክፍት ነበር። ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ስሙን ተናግሮ «የመጠጥ ሱሰኛ ነኝ» አለ። በስሙ ሰላም አሉት። በቃ። ማንም አልገሠጸው፣ ማንም አልጮኸበት። (ስሙን አልነግርህም። እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል።) ቡናቸው ግን፣ ይቅር ይበላቸው፣ እጣቢ ነው። ሲጨርሱም እያንዳንዱ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እኔ እስካየሁት ሽማግሌውን «ማታ ምን ትበላለህ?» ያለው የለም።

እኔን ያለችኝ የእኛዋ ናት። እማማ የምንላቸው እናት ረቡዕ ዕለት እዚያው ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንኳ አልጸለዩም። ያን እሑድ ስወጣ ፓርኪንግ ላይ ጠብቀው ቁልፍ አስጨበጡኝ። «ልጄ ኮሌጅ ሄዷል፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ሽሮ ትበላለህ አይደል?» አራት ወር ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ምን ሆነህ ነው አላሉኝም።

እናም ወንድሜ፣ ስትመጣ ቤተ ክርስቲያን ግባ፤ ብቻህን ታብዳለህ። ግን ለክቡ ሁሉ አትዘርግፍ። መጀመሪያ ሻይ ላይ ስለ ሌላው የማያወራውን ለይ። ኪራይ ወይም ምግብ ሲያጥርህ 211 ደውል፤ እርዳታ የት እንዳለ የሚጠቁም የስልክ መስመር ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከመድረክ አይደለም፤ እዚያ ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። አንተም ሰው ሲነግርህ ጸልይለት እንጂ «ጸልዩለት» ብለህ አትላክ።

አሁን መጋዘን ውስጥ ደህና ሥራ ይዣለሁ፣ የራሴ ክፍልም አለኝ። እማዬን ብሩን ለሴቶቹ መልሺ ብላት እምቢ ብላ አስቀምጣዋለች። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» ስላት ትንሽ ዝም ትልና «እውነትህን ነው?» ትለኛለች።