የዳቦ ቤታችን ፔሮል፦ እስካሁን የደረስኩበት

ዳቦ ቤቱን ከከፈትን ወዲህ ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። አካውንታንት አለን፣ ግን ብቅ የሚለው ወር ሲያልቅ ለግብር ማሳወቂያ ነው። ስለዚህ ፔሮሉን (የደመወዝ ስሌቱን) በኤክሴል ራሴ ልሥራው ብዬ ገባሁበት። ሥራ ለጀመራችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ድርድሩ ነው። እኛ አገር ሰው ሲቀጠር «በእጅ ስንት ነው?» ነው የሚለው። ጋጋሪያችንም «በእጄ 10 ሺህ ካገኘሁ እገባለሁ» አለኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ቁጭ ብዬ ከታች ወደ ላይ አሰላሁት። በእጁ 10,000 እንዲደርሰው ጥቅል ደመወዙ (ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለው) 13,730 ብር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ላይ 2,769 ብር ግብር፣ 961 ብር ደግሞ የእሱ 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጣል። በዚህ ላይ አሠሪው ከኪሱ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራል፣ 1,510 ብር መሆኑ ነው። ሲደመር 15,240 ብር። «አሥር ሺህ» የተባለው ሰው ዳቦ ቤቱን በወር ከ15 ሺህ በላይ ያስወጣዋል ማለት ነው፤ የዳቦ ዋጋ ስትተምኑ ይህን ካልያዛችሁ ትርፍ ያላችሁት ገንዘብ የት እንደገባ ሳታውቁት ያልቃል። አሁን የሥራ ውሉ ላይ የምጽፈው ጥቅሉን ነው፣ በእጅ የሚደርሰውን በቃል አስረዳለሁ።

የግብር ሠንጠረዡን በተመለከተ፦ ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙው ኤክሴል አሮጌ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው እስከ 600 ብር ነው የሚል ካያችሁ ዝለሉት። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። አሠራሩ ደመወዙን በመጣኔው አባዝቶ ቋሚ ቁጥር መቀነስ ነው፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። ቀመራችሁን መፈተሽ ከፈለጋችሁ ድንበሩ ላይ ሞክሩት። 7,000 ብርን በ20 በመቶውም በ25 በመቶውም ብታሰሉት 900 ብር ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። ደግሞ ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይቀነስ ከጥቅሉ ላይ ነው። መጀመሪያ 7 በመቶውን ቀንሰው የሚያሰሉ አይቻለሁ፣ በኋላ ልዩነቱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ትርፍ ሰዓት ለዳቦ ቤት ዋና ጉዳይ ነው። አቡኪው የሚገባው ሌሊት ነው፣ ያ ግን መደበኛ ፈረቃው ስለሆነ ትርፍ ሰዓት አይባልም። ከ8 ሰዓቱ በላይ ሲያልፍ ነው የሚቆጠረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። የሰዓቱን ዋጋ የማወጣው ደመወዙን ለ208 አካፍዬ ነው (26 ቀን በ8 ሰዓት)። 9,000 ብር ለሚከፈለው ሰው የአንድ ሰዓት ዋጋ 43.27 ብር ይመጣል፣ ሌሊት ላይ 75.72። ይህ ገንዘብ ግብር አለበት፣ ጡረታ ግን የለበትም፤ ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሺቱ ላይ መደበኛ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ለየብቻ አምድ ይኑራቸው።

አድቫንስ (ከደመወዝ ላይ ቀድሞ የሚወሰድ ገንዘብ) ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የበዓል ሰሞን ሁሉም ይጠይቃል፣ እንቢ ማለትም ይከብዳል። እኔ አሁን ሠራተኛው የሚፈርምበት አጭር ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ አሠሪ እንደፈለገ መቁረጥ አይችልም፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ ማለፍ የለበትም።

ስለ ጳጉሜም ከወዲሁ ተነጋገሩ። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ ለብቻው አይከፈለውም። የ13 ወር ፀሐይ፣ የ12 ወር ደመወዝ! ዳቦ ግን ጳጉሜንም ይጋገራል፣ ሠራተኛውም ያጉረመርማል። እኛ ለእነዚያ ቀናት ትንሽ ጉርሻ ብንሰጥ ይሻላል ብለናል፤ ይህም ግብር ውስጥ ይገባል።

የቀረኝ የካሸሯ የወጪ መጋራት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ከወጣው ላይ የምትመልሰው ገንዘብ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ስለሆነች ቢያንስ ከደመወዟ 10 በመቶ እየቆረጥኩ ማስገባት አለብኝ፣ ሰነዷን እንድታመጣ ነግሬያታለሁ። ግብሩም ጡረታውም ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ስለሚሆን ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቻለሁ። ሺቱን የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልካለሁ።