ረቡዕ ጠዋት፣ በቢጫ ሰደርያ

ከሁለት ዓመት ወዲህ፣ ዝናብ ካልጣለ በቀር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ረቡዕ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ከቤቴ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር ቆሜ የመኪና ፍጥነት እመዘግባለሁ። የምኖረው በደቡብ እንግሊዝ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነው፤ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ሲሆን ረቡዕ የዕረፍት ቀኔ ነው። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ለሐበሻ ወዳጆቼ ማስረዳት ስለሚከብደኝ ነው። «ደመወዝ አለው?» ይሉኛል። የለውም ስላቸው፣ «ታዲያ ፖሊሱ ምን ሊሠራ ነው?» ይሉኛል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ በቅርቡ ግን ከሁለቱም የከበደ ሦስተኛ ጥያቄ ስለ ገጠመኝ፣ ሳይደበዝዝብኝ በወረቀት ላይ ላሰፍረው ተነሣሁ።

ሥራው እዚህ አገር «ኮሚዩኒቲ ስፒድዋች» በሚባል ስም ይታወቃል። ነዋሪዎች በፈቃዳቸው ተመዝግበው፣ ከፖሊስ አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ፖሊስ አይቶ በፈቀደው ቦታ ብቻ ይቆማሉ። በእኛ ቡድን ከሦስት ሰው በታች ሆኖ መውጣት አይፈቀድም፤ አንዱ በእጅ የሚያዘውን ራዳር ይዞ ፍጥነቱን ያነባል፣ ሁለተኛው የመኪናውን ታርጋ፣ ዓይነትና ቀለም ይጠራል፣ ሦስተኛው ከነሰዓቱ ይጽፋል። መደበቅ ክልክል ነው። ከሩቅ የሚታይ አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ እንለብሳለን፤ ሲመሽም ሆነ ጭጋግ ሲሆን አንወጣም። መኪና ማስቆም፣ ሹፌር መቆጣት፣ ቅጣት መጻፍ አንችልም። የመንገዱ ወሰን በሰዓት 30 ማይል ሲሆን፣ የምንጽፈው 35ና ከዚያ በላይ የሄደውን ነው፤ ይኸውም በወሰኑ ላይ አሥር በመቶ፣ በዚያም ላይ ሁለት ማይል ተጨምሮ የሚገኝ ቁጥር ነው። መዝገቡ ለፖሊስ ይላካል፤ ፖሊስም ታርጋውን ከተሽከርካሪ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። እኛ «ሰማያዊ ፎርድ» ብለን መዝገቡ «ነጭ ቮልስዋገን» ካለ ጽሑፋችን ይጣላል። ከተስማማ ግን ለመኪናው ባለቤት ደብዳቤ ይላካል። ደብዳቤው ማስጠንቀቂያ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ ያው መኪና ደጋግሞ ከተመዘገበ ግን ፖሊስ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ለሰው ልጅ ሁሉ አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ የሚበር መኪና በስፖኪዮው የምጎትተውን የገበያ ጋሪ መትቶ ጣለው። ድንቹም ሽንኩርቱም በአስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ መኪናው ዞርም ሳይል ሄደ። ታርጋውን ለማንበብ ሞክሬ ሁለት ፊደል ብቻ ያዝኩ። ያን ዕለት ማታ የተናደድኩት በሹፌሩ ሳይሆን በዓይኔ ነበር። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ፍጹም ንዴት አለብሽ፤ እኛ ደግሞ አንድ ሰው ይጎድለናል» አሉኝ። በሳምንቱ ሠለጠንኩ።

መምህርቷ በመንገድ ዳር ቆመው የሚያስተምሩኝ ነገር ብዙ ነው። ይህች አገር ከ1930 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ለቤት መኪና ምንም የፍጥነት ወሰን እንዳልነበራት የሰማሁት ከእርሳቸው ነው፤ የቀድሞው የ20 ማይል ወሰን ማንም አላከብረው ስላለ በ1930 በሕግ ተሻረ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን፣ ማርች 18 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ የ30 ማይሉ ወሰን በመኖሪያ አካባቢዎች ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬም ምልክት ባይተከልበት እንኳ የመንገድ መብራት ምሰሶ በየተወሰነ ርቀት የተደረደረበት ጎዳና 30 ማይል እንደሆነ ሹፌር ሁሉ ማወቅ አለበት። ለመንጃ ፈቃድ ሳጠና ይህን ሸምድጄው ነበር፤ ምሰሶዎቹን ልብ ብዬ ያየኋቸው ግን ሰደርያውን ከለበስኩ በኋላ ነው። ዌልስ ደግሞ ከሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ጀምሮ ይህንኑ ወሰን ወደ 20 ዝቅ አድርጋለች፤ በዚያ የተነሣው ጩኸት እስከ እኛ መንገድ ድረስ ተሰምቶ፣ አንዳንዱ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቀጥሎ ደግሞ በእግራችሁ ሂዱ ልትሉን ነው!» ብሎን ያልፋል።

አንድ ቀን ከምንቆምበት የመብራት ምሰሶ እስከ ዜብራው ድረስ ያለውን ርቀት በእርምጃዬ ለካሁት፤ 30 ሜትር ገደማ ነው። ለመንጃ ፈቃድ ባጠናሁት መጽሐፍ መሠረት በ30 ማይል የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 9 ሜትር፣ ከያዘ በኋላ 14 ሜትር፣ በድምሩ 23 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በ40 ማይል ከሆነ 36 ሜትር ያስፈልገዋል። እንግዲህ በእኛ ምሰሶ ሥር ሆኖ ዜብራው ላይ ልጅ ያየ ሹፌር፣ በመጀመሪያው ፍጥነት ከልጁ በፊት ይቆማል፤ በሁለተኛው ግን ከልጁ አልፎ ነው የሚቆመው። ራዳሩን ስይዝ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይኸው የጥቂት ሜትሮች ልዩነት ነው።

ሰዉ እንዴት እንደሚያየን ለመናገር ያህል፣ ከፊሉ አውራ ጣቱን ያነሣልናል፣ ከፊሉ ሌላ ጣት ያነሣብናል። ከፊት ለፊት የሚመጡት መብራታቸውን እያበሩና እያጠፉ ለሌሎቹ ያስጠነቅቃሉ፤ እኔ በዚህ አልናደድም፤ ሰው እስከቀነሰ ድረስ ማን እንዳስቀነሰው ምን ቸገረኝ? ያስገረመኝ ሌላ ነው። ከውጭ አላፊ አግዳሚው ነው የሚሮጥብን ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከምንጽፋቸው መካከል ግን ብዙዎቹ የዚያው ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስለ ረፈደባቸው በሌላው ልጅ በር ላይ የሚበሩ። ካለፉን በኋላ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ተመልሶ ሲጨምር ይሰማናል። በዚህ ጊዜ ሥራችን ከንቱ መስሎ ይታየኛል።

እንዲህ በተሰማኝ ቁጥር ያደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ጉብታ ትዝ ይለኛል። አንድ ልጅ ከተገጨ በኋላ የሰፈሩ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ድንጋይና አፈር ከምሮ በመንገዱ ላይ አጋድሞት ነበር። ያ ጉብታ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ አይገባም፣ ሹፌር አይለይም፤ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነውንም መኪና እንደ ሌላው ሁሉ ያንገጫግጭ ነበር። አባቴ ድንጋይ ሲያቀብሉ አይቻቸዋለሁ። እኚሁ አባቴ ግን፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌው የጎረቤት ገቢና ወጪ እንዲጠብቁ ሲጠይቃቸው በአንድ ሰበብ በሌላ ሰበብ እያሉ ያመለጡ ሰው ነበሩ፤ «ጎረቤትህን መዝግብ ሲሉህ እስክሪብቶ የለኝም በል» ይሉን ነበር። መጀመሪያ ቀን ክሊፕቦርዱን ሲሰጡኝ እጄ የከበደው ለዚህ ነው። ለራሴ የሰጠሁት መልስ ሰደርያው ነው፤ ጆሮ ጠቢ ቢጫ አይለብስም አልኩ። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይህ መልስ በቂ ነበር።

ባለፈው መስከረም አንድ ረቡዕ መዝጋቢዋ እኔ ነበርኩ። ራዳሩን የያዙት መምህርቷ፣ ታርጋ የሚጠሩት ደግሞ አንድ የቀድሞ ፖስተኛ ነበሩ። «38!» አሉ መምህርቷ። ቀና ስል ቀድሜ ያየሁት ታርጋውን ሳይሆን በውስጥ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት መስቀል ነው። ብርማ ቶዮታ። ጋሼ ነበሩ። ከእኛ ሦስት መንገድ አልፈው የሚኖሩ፣ ወደዚህ አገር ስመጣ ቤት ያፈላለጉልኝ፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩና ስለ መንዳት ሲነሣ ከማንም ምክር የማይቀበሉ ሰው ናቸው። እኔን አላዩኝም።

ፖስተኛው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ከፊደሎቹ አንዱን ብሳሳት ከመዝገቡ ጋር እንደማይስማማና ነገሩ በዚያው እንደሚቀር አውቃለሁ። እጄ ለአፍታ ቆመ። በመጨረሻ በትክክል ጻፍኩት። ከቅንነት ነው ማለት አልችልም፤ ፖስተኛው ከትከሻዬ በላይ ያነብቡ ነበርና ያፈርኩ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁለት መኪናዎች እንዴት እንደጻፍኳቸው አላስታውስም።

ጋሼ እንግሊዝኛ ለሥራና ለገበያ የሚሆን አላቸው፤ የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ግን አጣጥፈው በኮታቸው ኪስ ይዘው፣ እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ ወደ እኔ ይመጣሉ። ይህ ለዓመታት የኖረ ልማዳችን ነው፤ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ የማዘጋጃ ቤት ግብር፣ የኢንሹራንስ እድሳት፣ ሁሉንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በሦስተኛው እሑድ ፖስታ አውጥተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህችን እይልኝ፤ የፖሊስ ማኅተም አለባት» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። መኪናዎ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ፣ 30 ማይል በተወሰነበት በ38 ሲሄድ በሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ታይቷል ይላል አልኳቸው።

«ቅጣቱ ስንት ነው?»

«ቅጣት የለውም፣ ጋሼ። ለማሳሰብ ነው።»

«ቅጣት ከሌለው ለምን ጻፉት?» አሉና ወረቀቱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩት። «ካሜራ ነው?»

«ሰዎች ናቸው። የሰፈሩ ነዋሪዎች።»

«ጎረቤት?» ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በዝግታ፣ «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ሌላ ስም ነበረው» አሉ።

ያየነውን ታርጋ ለማንም እንዳናወራ ፈርመናል። ይህን ደንብ በዚያች ቅጽበት እንደ ጥላ ተጠለልኩበት፤ ነገር ግን ደንቡ ባይኖርም ኖሮ እናገር ነበር ወይ ብዬ ብጠይቅ መልሱን አላውቀውም። የጠየቁኝ ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምን እንደምባል። ቢጫው ሰደርያ መልስ የሚሆነው ያየኝ ሰው ላይ ነው፤ እርሳቸው አላዩኝም ነበር። ለፖሊስ ያደረስኩትን ለእርሳቸው ፊት ለፊት ማለት እችል እንደነበር ደግሞ በዚያ ሳምንት ሌሊት ሌሊት አሰብኩ። «ጋሼ፣ ያቺ ዜብራ ጋ ቀነስ ያድርጉ» ለማለት የሚያንስ ቅርበት የለንም። ብላቸው ግን ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የአሰብን ቁልቁለት ያነሡብኛል። ለታላቅ መናገር የምናፍረውን ነገር ማኅተም ያለው ወረቀት ይናገርልናል። ይህ መልካም ይሁን ክፉ ገና አልለየሁትም።

በጥቅምት የመጀመሪያው ረቡዕ ተመልሰን በዚያው ምሰሶ ሥር ቆምን። ሰዓቱን አውቄ ነበር፤ ጋሼ ረቡዕ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ለማድረስ የሚያልፉት በዚያ ነው። ኮፍያዬን አውልቄ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ። ቶዮታዋ ብቅ ስትል መምህርቷ፣ «29» ብለው ራዳሩን ዝቅ አደረጉ። የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ጋሼ ከሩቅ ቢጫውን አይተው፣ ቀረብ ሲሉ ደግሞ ፊቴን አዩ። ፍሬን አልያዙም፣ ክላክስም አላሰሙም፤ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብቻ አንሥተው አለፉ። ሰላምታ ይሁን ዛቻ ማንበብ አልቻልኩም።

እሑድ ቅዳሴው ረዘመብኝ። ጸበል ጸዲቅ ላይ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ስለነበር አልቀረብኳቸውም፤ አይቀርቡኝም ብዬም ቆርጬ ነበር። ኮቴን ልለብስ ስል ከኋላዬ መጡና የታጠፈ ፖስታ ዘረጉልኝ። ከፈትኩት፤ የጋዝ ሂሳብ ነው።

«እሺ፣» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ይህችንም የጻፍሻት አንቺ ነሽ?»