የልብስ ማስጫው ለምን ነዘረ?

አምፕሊፋየር «እምምም» እያለ ሲያስቸግር ብዙ ሰው የሚያውቃት አንዲት መላ አለች፤ የኧርዙን ሽቦ፣ ማለትም የዕቃው ብረት ኮረንቲ ቢይዝ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ መቁረጥ። ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። ባለቤቱ ይደሰታል፣ የቆረጠውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ ጅማ ውስጥ በጥገና ሥራ ስኖር እንደዚህች መላ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ምክንያቱን አንድ ቤት ያየሁት ያስረዳልኛል።

ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ልብስ የሚሰጣው በሁለት ዝናብ መሀል ብቅ በምትል ፀሐይ ነው። አንድ ወጣት ሂርማታ አካባቢ ወዳለው ሱቄ መጣና «ጋሼ፣ የልብስ ማስጫችን ይነዝራል» አለኝ። በእጁ ቲቪም አምፕም የለም። የመብራት ገመድ ተበጥሶ ወድቆበት እንደሆነ ጠየቅኩት። የለም፣ ገመዱ በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው አለ። ደግሞ አንዳንድ ቀን ይነዝራል፣ አንዳንድ ቀን ምንም የለውም። ጎረቤት «ዝናቡ ነው» ብሏቸዋል።

«አሁኑኑ ደውልና ዋናውን ብሬከር ያውርዱት፤ እኔ እስክደርስ ሽቦውን ማንም እንዳይነካ» አልኩትና ዕቃዬን ይዤ ተከተልኩት።

ቤታቸው ወደ ጅሬን መውጫ ነው። እናትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ያሻሉ። «ልጄ፣ እጄን ወረወረው። እስከ ትከሻዬ ነው የተሰማኝ» አሉኝ። እጃቸው እርጥብ፣ እግራቸው ባዶ ነበር። አጠገባቸው ሆና መቆንጠጫ ስታቀብላቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸውም ባዶ እግሯን ነበረች። እሷ ሽቦውን አልነካችም፤ ተመስገን ነው።

ማስጫው ተራ የብረት ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ አቮካዶ ዛፍ ላይ፣ ሌላው የዲሹ ምሶሶ ላይ ታስሯል። ምሶሶውን ሳይ ነገሩ ጥርት እያለልኝ መጣ። አንድ ብረት እርጥቡ አፈር ውስጥ ሰካሁና ብሬከሩን አስነስቼ በእሱና በማስጫው መሀል ያለውን ለካሁ። ሜትሩ 200 ቮልት አካባቢ አነበበ። ሜትር አንዳንዴ ጉልበት የሌለው ቮልቴጅም ስለሚያሳይ በማስረጃነት አይበቃኝም፤ ስለዚህ በዚያው ቦታ ትንሽ አምፖል አገናኘሁበት። በራ። አምፖል ካበራ ሰውም ይገድላል። (ይህን ልኬት ቤታችሁ አትሞክሩት፤ ለባለሙያ ተዉት።)

ከዚያ ልጁን ወደ ሳሎን ላክሁትና ስፒናዎቹን አንድ በአንድ እንዲነቅል ነገርኩት። ቲቪው ተነቀለ፣ አምፖሉ እንደበራ ነው። ሪሲቨሩ ተነቀለ፣ ያው ነው። አምፑን ሲነቅለው ድርግም አለ። ልብ በሉ፣ አምፑ ቀድሞም ጠፍቶ ነበር። ሶኬት ላይ መሰካቱ ብቻ በቃው።

ብሬከሩን መልሼ አውርጄ አምፑን ፈታሁት። ወደ ትራንስፎርመሩ የሚሄደው ሽቦ በብረቱ ቀዳዳ በኩል ያልፋል። ጠርዙ ላይ መኖር የነበረባት የጎማ ቀለበት የለችም። በሙዚቃው ንዝረት ሽቦው ከጠርዙ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተልጧል፤ ጥፍር የምታክል መዳብ ብረቱን ነክታ ታብረቀርቃለች። የአምፑ አካል በሙሉ ኮረንቲ ሆኗል። ኮረንቲው በድምፅ ገመዱ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ በዲሹ ኬብል የውጭ ሽቦ ወደ ምሶሶው፣ ከምሶሶው ወደ ማስጫው ሄዷል።

አንዳንድ ቀን ለምን ተወው? ስፒናችን ሁለት ክብ እግር ስላለው ተገልብጦም ይሰካል። በአንድ በኩል ሲሰካ የተላጠው ሽቦ ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው) ይሆናል፣ ሲገለበጥ ኒውትራል (የመመለሻው)። ልጆቹ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ አምፑን ይነቅላሉ፣ መልሰው እንደመጣላቸው ይሰካሉ። የእናትየው ዕጣ በስፒና አሰካክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ዝናቡ ያደረገው ነገር ቢኖር መሬቱን አርጥቦ ንዝረቱን ማክፋት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ስፒናውን ፈታሁት። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦው ከሥሩ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታጥፎ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የቆረጠው ሰው እጁ የተፍታታ ባለሙያ መሆኑ ያስታውቃል። ያ ነው ያናደደኝ። ልጁን ጠየቅኩት። «ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ሠሪ ጋ ወስደነው በአንድ ቀን አስተካከለልን» አለኝ።

ሽቦውን ቀይሬ፣ ጎማውን አስገብቼ፣ ኧርዙን መልሼ አሰርኩት። አምፑን ስንከፍተው «እምምም» ተመልሶ መጣ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ኳስ አለ። እንዲህ ከሚጮህስ ተቆርጦ ቢቀር ይሻል ነበር።»

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ማንም ያስረዳው የለም። ግን ኧርዝ ቆርጦ ድምፅ ማጥፋት የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ማፈን ነው። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባል።

እነሱ ቤት የመጣው እንዲህ ነው። አምፑ በስፒናው በኩል ከቤቱ ኧርዝ ጋር ተገናኝቷል። ሪሲቨሩ ኧርዝ የለውም፤ ሆኖም በዲሹ ኬብል በኩል ምሶሶውን፣ በምሶሶው በኩል ደግሞ ሌላ መሬት ይነካል። ሁለቱ መሬቶች አንድ አይደሉም፤ በመሀላቸው ትንሽ ቮልቴጅ አለ። ሪሲቨሩና አምፑ በድምፅ ገመድ ሲያያዙ መንገዱ እንደ ቀለበት ይገጥምና ትንሽ ከረንት በገመዱ የውጭ ሽቦ መዞር ይጀምራል። አምፑ ያንን ድምፅ ነው ብሎ ያጎላዋል። የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጎርነን ያለ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ጀርባ አወጣሁት፤ ፀጥ አለ። መለስኩት፤ ጮኸ። ኬብሉ ወጥቶም፣ ግብዓቱ ሁሉ ተነቅሎም፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖም የሚጎረምር አምፕ ካጋጠማችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የኃይል ክፍሉ ኮንደንሰር ደክሟል ማለት ነው፤ እሱ ይቀየራል።

አንዳንዶች ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት በቂ ነው ይላሉ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁለተኛው መሬት ግቢ ውስጥ ሲሆን ግን አይፈይድም። እኔ መጀመሪያ ምሶሶውን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ኧርዝ ጋር አገናኘሁት። ጉርምርምታው ቀነሰ። ቀጥዬ በሪሲቨሩና በአምፑ መሀል ትንሽ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገባሁ። ክብሪት ሣጥን የምታክል ዕቃ ናት። ድምፁ በመግነጢስ ይሻገርባታል፤ የሁለቱ ዕቃዎች መሬት ግን አይነካካም። ኧርዙ እንዳለ ሆኖ ፀጥታው መጣ። አምፑና ሪሲቨሩ በብርሃን የሚሠራ የኦፕቲካል መሰኪያ ቢኖራቸው ደግሞ ትራንስፎርመሩም አያስፈልግም ነበር።

ስለ ኧርዝ ዘንግ ደግሞ አንድ የምለው አለኝ፣ ብዙዎቻችን ዘንግ ከተቀበረ ጉዳዩ አለቀ ብለን ስለምናስብ። የጅማ ቀይ አፈር ክረምት ላይ ርጥብ ስለሆነ መልካም ነው፤ በጋ ላይ ሲደርቅ ግን ኮረንቲን እንዳያልፍ መያዙ (በኦም የሚለካው) ይጨምራል። ዘንጉ 20 ኦም ቢኖረው 220 ሲካፈል ለ20፣ የሚፈሰው 11 አምፐር ነው። 16 አምፐር ብሬከር 11 አምፐር አይቶ አይወርድም። ብረቱ ኮረንቲ እንደሆነ፣ ብሬከሩም እንደተነሣ ይቆያል። ስለዚህ አርሲዲ የሚባለው ብሬከር የግድ ነው። እሱ የሚያየው የሄደው ከረንት መመለሱን ነው፤ 30 ሚሊአምፐር ከጎደለበት በሰከንድ ሽራፊ ይቆርጣል። ሰው የነካውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው ከ10 ሚሊአምፐር ጀምሮ ነው፤ ልብን የሚያውከውም ብዙ አይርቅም። እነ እማማ ቤት አርሲዲ ቢኖር ኖሮ ሽቦው በተላጠ ሰሞን መብራቱ ይጠፋና ነገሩ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ገዝተው አስገቡ። ላይዋ ላይ ያለችውን «ቴስት» የምትል ቁልፍ በየወሩ እንዲጫኗት ለልጁ አሳየሁት። ማስጫውንም ከምሶሶው ፈትቶ በናይሎን ገመድ ቀየረው።

አሁን አምፕ ለጥገና ሲመጣልኝ ድምፁን ከመስማቴ በፊት ስፒናውን እፈታለሁ። ባለሦስት ሽቦ ከሆነ ከኧርዙ ምላስ እስከ አምፑ ብረት እለካለሁ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ባለሁለት ሽቦ ከሆነ ጀርባው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ካሬ ምልክት እፈልጋለሁ፤ ያ ድርብ ልባስ አለው፣ ኧርዝ አይፈልግም ማለት ነው። ተቆርጦ ያገኘሁትን ባለቤቱ ባይጠይቀኝም መልሼ አስረዋለሁ፣ ዋጋም አልጨምርበትም። «ድምፁ ይመለሳል እኮ» የሚለኝ አለ። ከተመለሰ ሪሲቨሩንም ይዘህልኝ ና እለዋለሁ።