የዓድዋን በዓል በቤታችን ግድግዳ ላይ፦ ማስጌጫዎቹን በእጄ እንዴት እንደ ሠራሁ

በየዓመቱ የካቲት 23 ሲቃረብ ከገበያ የተገዛ ባለ ሦስት ቀለም የፕላስቲክ ጥብጣብ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ መስቀል የቤታችን ልማድ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው የእህቴ ልጅ ከደጅ ገብታ ጥብጣቡን አየችና «ዛሬ ኳስ ጨዋታ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቀለሞቹ የአገራችን መሆናቸው አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታም ሆነ ለሌላ በዓል የሚሰቀሉት እነዚሁ ስለሆኑ፣ ስለ የካቲት 1888 ዓ.ም. የሚናገር አንድም ነገር በግድግዳችን ላይ አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ማስጌጫውን በእጄ ለመሥራት፣ የምሠራውም እያንዳንዱ ዕቃ «ይህ ለምን እዚህ ተሰቀለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሆን ታሪክ ያለው እንዲሆን ወሰንሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ የችኮላ ሥራ ነበር። በዓሉ ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክሬፕ ወረቀት ገዝቼ፣ አበባ አስመስዬ እያጠፍሁ በቀጭን ሽቦ አስሬ በረንዳው ላይ ደረደርሁት። የካቲት ደረቅ ወር ነው ብዬ ስለ ዝናብ አላሰብሁም ነበር፤ በዋዜማው ሌሊት ግን የበልግ ካፊያ ጣለ። ክሬፕ ወረቀት በጥቂት እርጥበት ቀለሙን ስለሚለቅ፣ ሲነጋ ቀዩ በነጩ ግድግዳ ላይ እስከ ወለሉ ወርዶ አገኘሁት። ቤቱ የኪራይ በመሆኑም ግድግዳውን በራሴ ወጪ ማስቀባት ግድ ሆነብኝ። ወረቀት ለአንድ ቀን፣ ያውም ለቤት ውስጥ ብቻ እንደሚሆን የተረዳሁት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጨርቅ ተሻገርሁ።

ጨርቅ ከመግዛቴ በፊት ሰንደቅ ዓላማን ከማስጌጫ መለየት ነበረብኝ፤ ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ሳያስተውል ያልፈዋል ብዬ ስለማምን ጥቂት ልበልበት። የሰንደቅ ዓላማው ቀለማት አደራደርና መሐሉ ላይ ያለው ዓርማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ተደንግጓል፤ አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሐል፣ ቀዩ ከታች ሆነው በእኩል ስፋት በአግድም ይቀመጣሉ። አጠቃቀሙን በዝርዝር የሚወስን አዋጅ ቁጥር 654/2001ም አለ፤ የወርዱ መጠን የቁመቱ ግማሽ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅን ነገር በግምት ቆርጦ መስፋት ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማውን በሥርዓቱ የተዘጋጀ ገዝቼ ለብቻው በክብር ቦታ አቆምሁት፤ በእጄ የምሠራው የቀለማቱ ጌጥ ብቻ እንዲሆንም አደረግሁ። ሰንደቅ ዓላማን ቀዶ ትራስ ማልበስ ወይም ጠረጴዛ ማልበስ፣ አሳቡ ፍቅር ቢሆንም እንኳ፣ ፈጽሞ የማልቀበለው ነገር ነው።

ለጨርቁ ጌጥ የመረጥሁት ቅርጽ ጫፉ ወደ ታች የሚሾል ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ እንዲውሉ የተደረገው ከድሉ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለየብቻቸው በሹል ጨርቅ ይውለበለቡ ነበር። ስለዚህ በገመድ ላይ የተደረደሩ ሹል ጨርቆች የዓድዋን ዘመን ከዛሬው ሰንደቅ ዓላማ ይልቅ ያስታውሳሉ። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት የራሷን ጥያቄ ሳትረሳ «እንግዲያው ይኼ የኳስ አይደለም» አለችኝ።

ልኩን እንዲህ አወጣሁት። ግድግዳችን 4 ሜትር ነው። አንዱን ሦስት ማዕዘን ከላይ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱን 22 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በካርቶን ላይ ነድፌ ቆረጥሁ፤ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሲሰፋ ወርዱ ወደ 16 ገደማ ይወርዳል። በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ስተውላቸው 21 ሦስት ማዕዘኖች ከግድግዳው ጋር ተስማሙ። ቁጥሩ ለሦስት የሚካፈል መሆን አለበት፤ አለዚያ መጨረሻው ላይ ቀለም ይጎድላል። ፊትና ጀርባ እንዲኖረው ጨርቁን ድርብ አድርጌ ስለሰፋሁት ከእያንዳንዱ ቀለም 14 ቁራጭ ያስፈልጋል። ካርቶኑን አንድ ጊዜ ቀጥ፣ አንድ ጊዜ ግልብጥ እያደረጉ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቢያሰምሩ፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ግማሽ ሜትር ይበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያ ሁሉንም ቀጥ አድርጌ ስላሰመርሁ ጨርቁ አልበቃኝም፤ ለቀዩ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድም ያንኑ ቀይ አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሰባቱ ቀዮች ሁለቱ ጠቆር ያሉ ናቸው።

ከመቁረጥ በፊት የሚሠራውን ሥራም ዘልዬው ነበር። አዲስ የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይ ቀይ፣ ቀለም ይለቃል፤ ሲታጠብም ይሰበሰባል። የመጀመሪያውን የጨርቅ ጌጥ ከበዓሉ በኋላ አንድ ላይ ሳጥበው ቢጫዎቹ ብርቱካንማ ሆኑ። አሁን ጨርቁን ገና ሳልቆርጠው እያንዳንዱን ቀለም በየራሱ ሳፋ በቀዝቃዛ ውኃ እዘፈዝፋለሁ፤ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስም እየደጋገምሁ እለቀልቀዋለሁ፤ ከዚያም ጥላ ላይ አድርቄ በካውያ እተኩሰዋለሁ። ቁራጮቹ ከተሰፉና ወደ ውጭ ከተገለበጡ በኋላ ሹሉን ጫፍ በወፍራም መርፌ ቀስ ብሎ ማውጣት ይገባል፤ በመቀስ ጫፍ የገፋሁት አንዱ ተበስቷል። ላይኛውን ጠርዝ በጥብጣብ መካከል አስገብቼ በስፌት መኪና አንድ ጊዜ ስሰፋው ተጠናቀቀ።

መስቀያ ቦታውም ቢሆን አሳብ ይፈልጋል። ጌጡን በበሩ መተላለፊያ ላይ አሻግሬ ሰቅየው ከሳሎን ሲታይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብሎ የሚጀምረው፣ ከጓዳ ሲመጡ ተገልብጦ ከቀይ ይጀምር ነበር። እንግዶች ባያስተውሉትም እኔን ስለ ረበሸኝ ግድግዳ ላይ ብቻ መስቀል ጀመርሁ።

ከሁሉ የበለጠ የደከምሁበትና የምወደው ግን የስፌት ጋሻ ነው። በዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ይዞት የነበረው ጋሻ ከወፍራም ቆዳ የተሠራ፣ ክብና መሐሉ ጎበጥ ያለ ነበር። ቆዳ ማልፋት የማልችል በመሆኔ፣ ያንኑ ቅርጽ በስንደዶና በአለላ፣ ማለትም ቀለም በገባ የስፌት ሣር፣ ለመስፋት አሰብሁ። ሰፌድ በግድግዳ ላይ መስቀል ለቤታችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጋሻው ከቤቱ ጋር እንደሚስማማ አስቀድሜ አውቄ ነበር። ስፌቱን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ወስፌ ከጨበጡ ሃምሳ ዓመት እንዳለፋቸው ይናገራሉ። አሳቤን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ ጋሻ ከሆነማ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚሰፋው፤ የእንጀራ ሰፌድ አይደለም» አሉኝ።

ሥራው የሚጀመረው ከመሐል ነው። ጥቂት ስንደዶ አንድ ላይ ተጠቅልሎ፣ አክርማ በሚባለው መጠቅለያ ሣር እርጥብ እንዳለ እየታሰረ እንደ ቀንድ አውጣ ይዞራል፤ በወስፌ የፊተኛውን ዙር እየበሱ አክርማውን ያሾልኩታል፣ ይስቡታል፣ እንደገና ይበሱታል። አክርማው አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ካልቆየ ሲታጠፍ ይሰበራል። እኔ ደግሞ በመቸኮሌ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደረቁ ሰፋኋቸው፤ እማማ በጣታቸው ዳበሱና «ፍቺው» አሉኝ። የሦስት ምሽት ሥራ ነበር፤ ፈታሁት። ሁለተኛው ስሕተቴ የስንደዶው ጥቅል ውፍረት ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ጥቅሉ ይቀጥናል፣ ዙሩም ይዛባል። አንድ ስንደዶ ባለቀ ቁጥር ሌላ አንድ መሐሉ ላይ መጨመር እንጂ፣ ሲቀጥን ጠብቆ አምስቱን በአንድ ጊዜ መክተት እብጠት ያመጣል። ጉብታውን ለማምጣት አዲሱን ዙር ከፊተኛው ጎን ሳይሆን በትንሹ ከሥሩ እያደረግሁ ጠበቅ አድርጌ ሳብሁ።

ቀለሙ ላይ ከእማማ ጋር ተከራከርን። ስፌት የሚዞር በመሆኑ ቀለማቱን በአግድም መደርደር አይቻልም፤ በክብ በክብ ነው የሚመጡት። እርሳቸው ቀዩ ጎልቶ እንዲታይ ከዳር ይሁን አሉ። እኔ ደግሞ አረንጓዴው በሰንደቁ ላይ የበላይ እንደ መሆኑ፣ ክብ በሆነ ነገር ላይ የበላይነቱን የሚይዘው የውጭው ዙር ነው ብዬ ሞገትሁ። በመጨረሻ እንደ እኔ ሆነ፤ መሐሉ የአክርማው የተፈጥሮ መልክ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዳር አረንጓዴ አለላ ሆኖ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጋሻ ወጣ። ከሥራ በኋላ ባሉት ምሽቶች ብቻ በመሥራቴ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ ስለዚህ ይህን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከገና በፊት ቢጀምር ይሻለዋል።

በሦስተኛው ዓመት ሥዕል ሞከርሁ። አቡጀዲ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሬ፣ በውኃ የቀጠነ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁትና ሲደርቅ በከሰል ነደፍሁ። ጦርነቱ የተደረገው እሑድ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለ ነበር፣ በልማዳዊው የዓድዋ ሥዕል ላይ ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ሆኖ ከላይ ይታያል። አፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ሆነው ይሣላሉ። እኔም ይህንኑ ወግ ተከትዬ ስጨርስ የሥዕል አስተማሪ የሆነ ወዳጄ መጥቶ አየውና፣ ብዙዎቹን ኢትዮጵያውያን በጎን እንደ ሣልኋቸው አመለከተኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ወዳጅና ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ለካ የራሴን ወገኖች በጣሊያኑ የጦር አዛዥ በባራቴሪ ወታደሮች መልክ ሥያቸው ነበር። ከላይ ቀለም ቀብቼ ሸፈንሁና ፊቶቹን እንደገና ሣልሁ፤ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የፊተኛው አፍንጫ ጥላ በአንዳንዱ ጉንጭ ላይ አሁንም ይታያል። ይህን ደንብ ሳላውቅ ስንት የዓድዋ ሥዕል አይቼ እንዳለፍሁ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከማስጌጫዎቻችን ሁሉ ጥቂት ድካም የጠየቀው በጠረጴዛው ላይ የምትቀመጠው ትንሽ እንስራ ናት። የሸክላ እንስራ ገዝቼ አንገቷን ከጨርቁ በተረፈ ጥብጣብ አሰርሁ፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁባትም። ከዓድዋ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጩ ስለ ተያዘበት ነው። እንግዶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለዚህች እንስራ መሆኑ አስደንቆኛል፤ ጋሻና ፈረስ በበዓሉ ቀን የሚጠበቁ ናቸው፣ እንስራ ግን ያልተጠበቀ በመሆኑ ሰውን ያነጋግራል። በተረፈው ወፍራም ወረቀት ላይም የራስ መኮንንን፣ የራስ አሉላን፣ የራስ መንገሻን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ የራስ ሚካኤልን፣ የደጃዝማች ባልቻን፣ እዚያው ዓድዋ ላይ የወደቁትን የፊታውራሪ ገበየሁን ስም በቁም ጽሕፈት ጽፌ ከሥዕሉ ግርጌ ደረደርሁ። የጻፍሁት በሸምበቆ ብዕር ነው፤ ጫፉ በሰያፍ ካልተቆረጠ የፊደሉ ወፍራምና ቀጭን መስመር አይለይም።

በዓሉ ሲያልፍ ሁሉንም በአንድ ቀን አወርዳለሁ። የጨርቁን ጌጥ ሳላጥፍ በካርቶን ጥቅል ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ከታጠፈ በሚመጣው ዓመት እያንዳንዱን መተኮስ ያስፈልጋልና። ጋሻውን ግን አላወርደውም፤ አለላው ፀሐይ ስለማይወድ ከመስኮቱ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ዘንድሮ የጀመርሁት ትንሽ ነጋሪት ነው፤ በ1888 ዓ.ም. መስከረም የታወጀውን ክተት እንዲያስታውስ። አካሉን ከሸክላ ማሰሮ ሠራሁት፤ የወጠርሁት ቆዳ ግን ሲደርቅ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀብኝ። አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ ቆዳውን እርጥብ እንዳለ በጠፍር ወጥራ፣ ጥላ ላይ አስቀምጣ፣ በየማታው ጠፍሩን ትንሽ ትንሽ እያጠበቀች ትጠብቀዋለች። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም።