ያልከፈትኩት ፎቶ

እህቴ ያደግንበትን ቤት ፎቶ በቴሌግራም ከላከችልኝ ሳምንት አለፈ። «እንዴት እንደተለወጠ እየው!» ብላ ጽፋበታለች። አልከፈትኩትም። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ትናንት ማታ ስለ ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ሳነብ ግን የገባኝ መሰለኝ።

ሻጋል በ1887 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ያለችው ቪቴብስክ ነው ያደገው። አይሁዳውያን ናቸው፣ ድሆች ናቸው፣ እሱ ደግሞ የዘጠኝ ልጆች ታላቅ። አባቱ ለዓሣ ነጋዴ ተቀጥሮ ከባድ በርሜል ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። እናቱ ትንሽ ሱቅ አለቻት። አያቱ ከብት አራጅ ነው፤ ልጁ ላሞቹ ሲታረዱ እያየ ያዝንላቸው ነበር። አጎቱም ቫዮሊን ይሞክራል።

ላም፣ ዓሣ፣ ቫዮሊን፣ የእንጨት ቤት። ሰውየው 97 ዓመት ኖሮ ከእነዚህ ብዙም አልራቀም። ራሱን ይደግማል የሚሉት አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የእርጅናው ሥራዎች አንዳንዴ እኔንም ይሰለቹኛል።

«እኔና መንደሩ» ግን ሌላ ነው። በ1911 ፓሪስ ሆኖ የሳለው ነው፤ ከአገሩ በወጣ በዓመቱ። ፊቱ አረንጓዴ የሆነ ሰው ከላም ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። ከዓይን ወደ ዓይን ቀጭን መስመር ተሰምሯል። ላሟ ጉንጭ ላይ አንዲት ትንሽ ሴት ተቀምጣ ታልባለች። ከላይ ካሉት ቤቶች ጥቂቶቹ ተገልብጠዋል፤ አንዲት ሴትም ተዘቅዝቃለች። ትዝታ እንዲህ አይደል? እኔም የበራችን መቀርቀሪያ ግንባሬ ላይ ይደርስ እንደነበር አልረሳውም። የግድግዳው ቀለም ግን ጭራሽ ጠፍቶብኛል።

በ1914 ለአጭር ጊዜ ብሎ ተመለሰ፤ ጦርነት ተነሳና መውጫ አጣ። ቤላን አገባ። ከሩሲያ አብዮት በኋላ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ኃላፊ ሆነ። ለአብዮቱ አንደኛ ዓመት ከተማዋን በአረንጓዴ ላሞችና በሚበሩ ፈረሶች አስጌጣት። ባለሥልጣናቱ ላሟ ለምን አረንጓዴ ሆነች፣ ከማርክስና ከሌኒን ጋር ምን አገናኛት ብለው ጠየቁ! ብቻዬን ሳቅኩ። የሥዕል ትምህርት ቤትም ከፈተ። ግን እዚያ ሊያስተምር የመጣው ሠዓሊ ማሌቪች ተማሪዎቹን ወደ ራሱ ሳባቸው። ሻጋል አዝኖ በ1920 ቪቴብስክን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ፣ ከናዚዎች ሽሽት አሜሪካ፣ በ1944 የቤላ ሞት፣ በ1964 የፓሪስ ኦፔራ ቤት የጣሪያ ሥዕል።

ያስገረመኝ 1973 ነው። የ85 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሶቪየት ኅብረት ተጋበዘ። ሞስኮ ሄደ። ሌኒንግራድ ሄደ። ቪቴብስክ አልሄደም። ዕድሜ ልኩን የሳላት ከተማ እኮ ናት! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ፈርሳለች። እኔ ግን ፈርቶ ነው ባይ ነኝ። አዲሷን ካየ በኋላ የትኛዋን ሊስል ነው?

ዛሬ ጠዋት እህቴ ደወለች።

«አየኸው?»

«ገና ነኝ።»

«አንተ ደግሞ! በሩን እኮ ቀይረው...»

«አትንገሪኝ» አልኳት።