በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው ክኒን

ባሕር ዳር ውስጥ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ምክንያቱ አልገኝ ያለ ሳል በሚያጠና ቡድን ውስጥ ታካሚዎችን እየጠየቅኩ ቅጽ እሞላ ነበር። አዋቂ ሰው ሳሉ ከ8 ሳምንት ካለፈ እኛ ጋር ይላካል።

የካቲት ላይ ከዘጌ አንዲት እናት በጀልባ መጡ። 5 ወር ሙሉ ሲያስላቸው ከርሟል። የአክታ ምርመራው ቲቢ የለም ይላል። ራጁም ንጹሕ ነው። አንቲባዮቲክ ሁለቴ ጨርሰዋል፣ ዳማከሴም ሞክረዋል። «ሰው ሲሸሸኝ ጊዜ ማስቀደስም ተውኩ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ቅጹ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይላል። «የለም ልጄ» አሉ። ምልክት አድርጌ አለፍኩ። እንጀራ የሚጋግሩት በእንጨት ስለሆነ ጭሱን ጠረጠርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ለካርድ ሊከፍሉ የነጠላቸውን ጫፍ ሲፈቱ ከብሩ ጋር ግማሹ ያለቀ የክኒን ማሸጊያ ወጣ። ኢናላፕሪል።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«እሱማ የግፊቴ ነው። መድኃኒት የምትይኝ የሳሉን መስሎኝ!»

ክኒኑን የጀመሩት ለፍልሰታ ነው። ሳሉ የመጣው ለመስቀል።

ኢናላፕሪል ግፊት የሚያወርደው አንድ ኢንዛይም አግዶ ነው። ያ ኢንዛይም ግን ብራዲካይኒንና ሰብስታንስ ፒ የሚባሉ የሰውነት ኬሚካሎችንም ይሰባብራል። እሱ ሲታገድ እነዚህ በአየር ቧንቧ ይጠራቀሙና ሳል የሚቀሰቅሱትን የቬገስ ነርቭ ጫፎች ያስቆጣሉ ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጭስ ወይም የበርበሬ ብናኝ ይበቃል። ሳንባው ደህና ስለሆነ ራጅ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

ሐኪሙ ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረላቸው። ሳሉ ግን በማግስቱ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 3 ወር ይቆያል። እባካችሁ፣ ይህን አንብቦ ክኒኑን በራሱ የሚያቆም እንዳይኖር። ግፊት ካልተቆጣጠሩት ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪማችሁ ንገሩት፣ ሌላ አማራጭ አለ።

ያቺ ምልክት እስካሁን ታሳዝነኛለች። ሴትዮዋ አልዋሹም፣ እኔ ነኝ በማይገባቸው ቃል የጠየቅኳቸው። 3 ሳምንት በከንቱ እንዲያስሉ አደረግኳቸው። አሁን «በየቀኑ የሚውጡት ነገር አለ? የግፊት? የስኳር? እስኪ የያዙትን ያሳዩኝ» ነው የምለው።

ከ6 ሳምንት በኋላ ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። ክንዳቸው ላይ ጨርቁን እስካስር፣ አየሩን ሞልቼ እስካስተነፍስ፣ አንድም ጊዜ አላሳሉም።

«እሑድ ኪዳነ ምሕረት አስቀደስኩ» አሉኝ። «ከሴቶቹ መሐል ቆሜ።»